ጎንደር ለአምስት ቀን፦ በጥር ይሻላል ወይስ በኅዳር?

የቀሀ ልጅ · ጥቅምት 3፣ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር ተወልጄ እስከ ሰባተኛ ክፍል ድረስ ቀሀ ኢየሱስ አካባቢ ነው ያደግኩት። ከዚያ አባቴ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረና እኔም እዚሁ ቀረሁ። ጎንደር ከሄድኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ያኔም ለለቅሶ ነበር፤ ሁለት ቀን አድሬ ተመለስኩ።

ዘንድሮ ባለቤቴንና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችንን ይዤ መምጣት እፈልጋለሁ። ባለቤቴ የሐዋሳ ልጅ ነው፣ ጎንደርን በፎቶ ብቻ ነው የሚያውቃት። እናቴም አብራን ትመጣለች። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል።

ያለን አምስት ቀን ነው። ባለቤቴ ጥምቀትን ማየት ይፈልጋል። እናቴ «ቁስቋምን ሳልሳለም አልሞትም» ትላለች። እኔ ደግሞ ልጄ ስሜን ተራራን እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ። ሁሉም ባንዴ እንደማይሆን ይገባኛል።

ለቱሪስት የተጻፈውን አንብቤዋለሁ። የምጠይቀው እዚያ የምትኖሩትን ነው። እሑድ ሲሆን የት ትሄዳላችሁ? የት ትበላላችሁ? እናንተ ብትሆኑ በየትኛው ወር ትመጡ ነበር?

አዘዞ በር · ጥቅምት 3፣ ማታ

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። እኔን ካልሽ ክርክር የለውም፣ በጥር ነይ።

ባለቤትሽ ጎንደርን አይቶ የማያውቅ ከሆነ መጀመሪያ ማየት ያለበት ከተራን ነው። ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ከየደብራቸው ይወጣሉ። በፒያሳ በኩል ሲያልፉ ከተማው በሙሉ ነጭ ይለብሳል። ልጆቹ ምንጣፉን ከኋላ ጠቅልለው ወደ ፊት ይሮጣሉ፣ ደግመው ያነጥፋሉ፣ ደግመው ይጠቀልላሉ። ታቦቱ አንዴም ባዶ መሬት ላይ አያልፍም። እኔ በልጅነቴ ምንጣፍ ተሸካሚ ነበርኩ። ዛሬም ሳየው ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

ሌሊቱን ሕዝቡ የፋሲል መዋኛ ዙሪያ ያድራል። የመዋኛው ውኃ ከቀሀ ወንዝ በቦይ እየተሳበ ነው የሚሞላው፣ ቀናት ይፈጃል። ጎህ ሲቀድ ጸሎቱ ይደርስና ውኃው ይባረካል። ከዚያ ወጣቶቹ ከግንቡ ላይ ይዘላሉ። በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጥምቀትን በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግበው እኛ ሰፈር እልል ተብሎ ነበር።

ጥር 8 ግቡ። ጥር 12 ሚካኤል ሲመለስ ሸኝታችሁ ሂዱ። አምስት ቀንሽ እሱ ነው።

ዳባት ያደገች · ጥቅምት 4፣ ጠዋት

ወንድሜ አዘዞ በር፣ የተናገርከው ሁሉ እውነት ነው። ግን የጠየቀችውን ልብ በል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አሏት። ጥር 10 ፒያሳ ላይ አራት ሰዓት ቆመው መዋል ይችላሉ? መኪና በየመንገዱ ይዘጋል። ባጃጅ አይገኝም።

እኔ በኅዳር መጀመሪያ ነይ እላለሁ። ምክንያት አለኝ። ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ነው። እናትሽ የተሳሉት ለዚያ ደብር ከሆነ ከዚያ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል? ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ግን እንደ ጥምቀት አያጨናንቅም።

ሌላው ደግሞ አገሩ ራሱ ነው። አደይ አበባው አልፏል፣ እውነት ነው። ግን በኅዳር ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ግራ ቀኙ ወርቅ ነው። ገብሱ ይታጨዳል። አንዳንዱ ቦታ አውድማ ተለቅልቆ ውቂያ ተጀምሯል። በሬዎቹ ተጠምደው ሲዞሩ፣ አባቶች እያዜሙ ሲነዷቸው፣ ገለባው በነፋስ ሲነሳ ታያላችሁ። የከተማ ልጅ ይህን ማየት አለበት። የሚበላው እንጀራ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል።

ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ሌሊቱ ግን ይበርዳል፣ ጋቢ እንዳትረሱ።

ማራኪ ሰፈር · ጥቅምት 4፣ ከሰዓት

በጥር ለመምጣት ከወሰንሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ጥምቀት ከአዋሳኝ ወረዳ ለመጡ ዘመዶቼ አንድ ሆቴል ውስጥ ሁለት ክፍል በስልክ ያዝኩላቸው። ከወር በፊት ነው። ጥር 9 ማታ ሲደርሱ ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። «በስልክ የተያዘ አናውቅም» አሏቸው። ሁለት አዛውንቶችና አንድ ሕፃን ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ። መጨረሻ ላይ እኛ ሳሎን ፍራሽ አንጥፈን አስተኛናቸው። ነውር ነው፤ ጎንደር እንግዳ ከበር የሚመለስባት ከተማ አይደለችም።

ስለዚህ ቀብድ ክፈይ፣ ደረሰኝ ተቀበይ፣ ከመነሳትሽ በፊት በነበረው ቀን ደግመሽ ደውይ።

የጭላዳ ጓደኛ · ጥቅምት 4፣ ማታ

ሰላም። ስሜን ላይ ተጓዥ በመምራት ነው የምተዳደረው። የተራራውን ነገር እኔ ልመልስ።

ብዙ ሰው ከጎንደር ተነስቶ በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ ይሞክራል። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይቻላል፣ ግን እናትሽንና ልጅሽን ይዘሽ አልመክርሽም። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሳንቃበር 3,250 ነው። ባንድ ጠዋት እዚያ ሲወጣ ራስ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ደባርቅ እደሩ። በቀን ተጓዙ፣ ማታ ሾርባ ጠጡ፣ ብዙ ውኃ ውሰዱ፣ በጊዜ ተኙ። ጠዋት ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ትመዘገባላችሁ። ስካውት (የታጠቀ ጠባቂ) መያዝ ግዴታ ነው፣ አስጎብኚም ብትይዙ ጥሩ ነው።

ከቡይት ራስ ጀምሮ ገደሉ ጠርዝ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች አሉ። ለእናትሽ ከመኪና ወርደው ሃምሳ እርምጃ ብቻ ነው። ጭላዳ ሌሊቱን ገደሉ ላይ ተጣብቆ ነው የሚያድረው፤ ነብርና ጅብ አይደርስበትም። ፀሐይ ሞቅ ስትል አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ይወጣል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጠርዙ ጋ ዝም ብለሽ ከተቀመጥሽ መጀመሪያ እጅ ታያለሽ፣ ከዚያ ጭንቅላት፣ ከዚያ መንጋው ይፈሳል። ከወጡ በኋላ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ድምፁ ይሰማል፤ ጭጭ፣ ጭጭ፣ ጭጭ። ብዙ መቶ ሆነው ሲነጩ ዝናብ ቅጠል ላይ ሲወርድ ይመስላል። ወንዱ ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለው። ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ጥርሱንና ድዱን ካሳየ ጠጋ ብለሃል ማለት ነው፤ ያኔ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ልጅሽ ዳቦ እንዳይሰጣቸው አደራ። ምግባቸው ሣር ነው። የሰው ምግብ ከለመዱ ሰው ላይ ይመጣሉ።

ከሳንቃበር አለፍ ብሎ የጅንባር ፏፏቴ አለ። 500 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወረወራል። እዚህ ላይ ከዳባቷ እህቴ ጋር ነኝ፤ በኅዳር ገና ውኃ አለው። በጥር መጨረሻ ቀጭን ክር ይሆናል።

ዋልያ ማየት ከፈለጋችሁ ጨነቅ ድረስ መሄድ ነው። በአንድ ቀን በመኪና ይደረሳል፣ መንገዱ ግን ያንገላታል። ራስ ዳሽንን ለሌላ ጊዜ ተዪው። 4,533 ሜትር ነው፣ ብዙ ቀን ይፈልጋል።

አንድ ነገር ከልቤ ልጨምር። ይህ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነው የተመዘገበው። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ በ2017 ወጣ። እንዲወጣ ሲባል የግጭ መንደር ሰዎች ቤታቸውንና የግጦሽ መሬታቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ መጥተዋል። ስለዚህ ስትመጡ ከደባርቅ ግዙ፣ ደባርቅ ብሉ፣ የደባርቅ ልጅ ቅጠሩ። የከፈለው ሕዝብ እሱ ነው።

የቀሀ ልጅ · ጥቅምት 5፣ ጠዋት

እግዜር ይስጥልኝ። የጭላዳውን ለልጄ አነበብኩለት። «ድምፁን አሰሚኝ» ብሎ አስቸገረኝ።

መንገዱስ ሰላም ነው? ወንድሜ በጣም ይፈራል።

የጭላዳ ጓደኛ · ጥቅምት 5፣ ምሳ ሰዓት

ፍርሃቱ አይነቀፍም። ዛሬ የምነግርሽ ለኅዳር አይሆንም። የምትመጡበት ሳምንት ላይ ደውለሽ ጠይቂ፤ መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮች ከማንም በፊት ያውቃሉ። ከመሸ አትጓዙ። ደባርቅ ካልሆነ ኮሶዬ ሂዱ። ከጎንደር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገደሉም አለ፣ ቆላው ከታች ተዘርግቶ ይታያል፣ ጭላዳም አይጠፋም። እኛ ራሳችን እሑድ ቀን ልጆቻችንን የምንወስደው እዚያ ነው።

የጓዳ ሰው · ጥቅምት 5፣ ማታ

የምግቡን ነገር ለእኔ ተዉልኝ።

መጀመሪያ ጾሙን እዩ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ከዚያ በፊት ከመጣችሁ ከረቡዕና ዓርብ በስተቀር ፍስክ ነው። በጥር ደግሞ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ጥር 10 ጋድ ነው፣ ይጾማል። ሥጋ እበላለሁ ብሎ ለከተራ የመጣ እንግዳ ሽሮ ይጠብቀዋል።

ሽሮውም ቢሆን የደምቢያ ሽምብራ ነው፣ አይናቅም። ተጋቢኖ ስታዝዢ በሸክላ የሚያቀርብ ቤት ምረጪ። ሸክላው ከእሳት ወርዶ ጠረጴዛ ላይ እየተንተከተከ ይቀመጣል። ጠርዙ ላይ የያዘው ሽሮ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። እሱን በእንጀራ ፍቀሽ ብዪው። ሌላውን ለባልሽ ተዪለት፣ ጠርዙን ግን አትስጪ።

ቁርስ ላይ ዱለት ወይም ጥብስ ካሻችሁ ፒያሳ ዙሪያና አራዳ በኩል ሥጋ ቤት ያላቸውን ትንንሽ ቤቶች ግቡ። ምልክቱ ቀላል ነው። የባጃጅና የሚኒባስ ሾፌሮች የሚበሉበት ቤት ሥጋው ትኩስ ነው። እንግዳ አስቀምጦ ማብላት ሲያስፈልግ እኛ ፎር ሲስተርስ እንሄዳለን። የእህትማማቾች ቤት ነው፤ እጅ ያስታጥቡሻል፣ ምግቡም የቤት ወጥ ይመስላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ጎሃ ሆቴል ወጥታችሁ ቡና ጠጡ። ከተማው በሙሉ ከእግር ሥር ነው፣ ግንቦቹ ከዛፉ መሀል ብቅ ብለው ይታያሉ።

ጠላም አለ። ከአጥሩ በር ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ የተደፋበት ቤት ካየሽ ግቢ። ደህና ጠላ ገና ሳትጠጪው ይታወቃል። ጋኑ በወይራ ታጥኗል፣ የወይራው ጭስ መጀመሪያ አፍንጫሽን ያገኘዋል። ጌሾው ቆይቶ ነው የሚመጣው። እናትሽ ያውቁታል፣ እሳቸው ይምረጡ።

ጎርጎራ ዳር · ጥቅምት 6

ጎርጎራን ማንም አላነሳም! ከጎንደር ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ጣና ላይ። ደብረ ሲና ማርያም አለች፤ ጣሪያዋ ሣር፣ ውስጧ ሥዕል የሞላባት። ጠዋት ሐይቁ ላይ የደንገል ታንኳ ይዘው የሚወጡ ዓሣ አጥማጆች ታያላችሁ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከውኃ ወጥቶ መጥበሻ ላይ ሲገባ መሀል ላይ ምንም የለም። በሚጥሚጣና በሎሚ በጣትሽ እየፈለጥሽ ትበዪዋለሽ። ለእናትሽ ጉልበት ሜዳው ይሻላል፣ ሙቀቱም ደግ ነው።

ዳባት ያደገች · ጥቅምት 6

ጎርጎራ ድንቅ ናት። ግን በአምስት ቀን ሰሜኑንም ደቡቡንም ልያዝ ካለች መኪና ውስጥ ነው የምትከርመው። አንዱን ትምረጥ።

ጠዋት ተራማጅ · ጥቅምት 7

እኔ ከተማው ውስጥ በእግር ነው የምሄደው፤ በየቀኑ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት። እንግዶች የነገሥታቱን ግንብ ያዩና «ጎንደርን ጨረስን» ይላሉ። ፋሲል ከተማዋን የቆረቆረው በ1636 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ነገሥታትም አጠገብ አጠገቡ ጨምረዋል። ግቢውን ለማየት ግማሽ ቀን ስጡት፤ ሳይሞቅ በጠዋት ግቡ።

ከልቤ የምለው ግን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ውስጥ ገብታችሁ ቀና በሉ። ጣሪያው ላይ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት አለ። ዐይናቸው ትልቅ ነው። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ያያል። ልጅሽ ሁለት አንድ ዓይነት ፊት እንዲፈልግ ንገሪው፣ ጸጥ ብሎ ይቆያል። ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህች ቤተ ክርስቲያን ተርፋለች። ንብ ወጥቶ መለሳቸው ይላሉ አባቶች።

ወደ ቁስቋም ደግሞ ሽቅብ ነው። ለእናትሽ ባጃጅ ያዙላቸው። አንቺና ልጅሽ ግን ከፋሲል መዋኛ በኩል በእግር ውጡ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጭሱ ከየጣሪያው ይነሳል፣ የቅዳሴው ድምፅ ከላይ ይወርዳል፣ ከተማው ቀስ እያለ ከታችሽ ይቀራል። እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ራቅ ብለው እዚያ ግንብ ያሠሩት ለምን እንደሆነ ግማሽ መንገድ ላይ ዞር ስትዪ ይገባሻል።

አዘዞ በር · ጥቅምት 7

እሺ። ለእናትየው ስል ኅዳር ይሁን። ጥርን ግን አልተውኩም።

የቀሀ ልጅ · ጥቅምት 9

ወሰንን። ኅዳር 5 እንገባለን፣ ኅዳር 9 እንመለሳለን። ትኬት ተቆርጧል። እናቴ ነጠላዋን ከአሁኑ አጥባ ሰቅላለች።

የቀሀ ልጅ · ኅዳር 12፣ ማታ

ተመለስን። እናንተ ባትመክሩኝ ኖሮ ይህ ጉዞ አይሆንም ነበር። ስለዚህ የሆነውን ልንገራችሁ።

ኅዳር 6 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እናቴ ለብሳ ጨርሳ በር ላይ ቆማለች። ባጃጅ ይዘንላት እሷና ባለቤቴ ቀደሙ። እኔና ልጄ ወገግ ሲል በእግር ወጣን፣ ጠዋት ተራማጅ እንዳልከው። ግማሽ መንገድ ላይ ዞር ብለን ቆምን። የልጅነት ሰፈሬን ለልጄ በጣቴ አሳየሁት። የቤታችንን ጣሪያ አላገኘሁትም፤ ቀሀ ኢየሱስን ግን አገኘሁ።

ላይ ስንደርስ እናቴ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ አገኘናት። አንዲት እናት የሰፈር ሰው ሆነው ተገኙ። አርባ ዓመት አልተያዩም። እጅ ለእጅ ተያይዘው ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲበተን እነሱ ገና ነበሩ። ጉልበቷን አንዴም አላነሳችም።

ከሰዓት ተጋቢኖ በላን። ጠርዙን ልጄ ወሰደብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሥላሴን አይተን ወደ ደባርቅ ሄድን። ቀድሜ ደውዬ ነበር፣ መንገዱ ሰላም ነው አሉኝ። አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ሲቀይር መንገድ ዳር አውድማ ላይ የነበሩ ሰዎች ጠሩን። እናቴን ገለባ ላይ አስቀመጧት፣ ቆሎ አመጡልን። ልጄ በሬ ሲነዱ አብሮ ዞረ። ጅራፉን ሰጡት፣ አልመታም ብሎ ዝም ብሎ ከኋላ ተከተለ። የተቆጨነው ጎማው ቶሎ በመቀየሩ ነው።

ደባርቅ አድረን በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቡይት ራስ ደረስን። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ጠርዙ ጋ ራቅ ብለን ተቀመጥን። አንድ ሩብ ሰዓት ምንም የለም። ከዚያ እጅ አየን። ጥቁር፣ ትንሽ፣ ድንጋዩን የያዘ። ልጄ ክንዴን ጨበጠኝ። ከዚያ መንጋው ፈሰሰ። እናቴ ጋቢ ተጠቅልላ ቁጭ ባለችበት ሦስት ግልገሎች ሁለት ሜትር ራቅ ብለው ሣር ሲነጩ «አቤት ያንተ ሥራ» እያለች በሹክሹክታ ታወራ ነበር። ድምፁን ልጄ በስልኩ ቀድቶታል። ማታ ማታ እሱን ሰምቶ ነው የሚተኛው።

ጅንባር ውኃ ነበረው። ሳንቃበር አካባቢ ጅብራ የሚባሉትን ተክሎች አየናቸው፤ ሰው የሚያክሉ። ብዙ ዓመት አድጎ አንዴ ብቻ አብቦ እንደሚሞት አስጎብኚያችን ሲነግረን ባለቤቴ አንዱን ከሥር እስከ ጫፍ ቆሞ አየው። ጨነቅ አልደረስንም። እናቴ ደክሟት ነበር፣ ተመለስን።

ጠላውን እናቴ መርጣለች። ሦስት ቤት አሽትታ አለፈች፣ አራተኛው ላይ ገባች።

አዘዞ በር፣ ባለቤቴ ስለ አንተ ይጠይቃል። ከአየር ማረፊያው ስንወጣ ጀምሮ «በጥር ይህ መንገድ ምን ይመስላል?» ሲል ነበር የከረመው። እናቴ ለዚያ አትመጣም፣ በቃኝ ብላለች። እኛ ሦስታችን ግን ጥር 8 ለመምጣት አስበናል። ክፍል እስካሁን አልያዝንም።

ማራኪ ሰፈር · ኅዳር 12፣ ማታ

ቀብድ! ነገውኑ። ደረሰኙን በፎቶ አንሺው።

አዘዞ በር · ኅዳር 13፣ ጠዋት

ክፍል አትያዙ። እኛ ቤት ሁለት አልጋ ትርፍ አለ፣ ባለቤቴም እሺ ብላለች። ልጅሽ ደግሞ ስንት ቁጥር ነው የሚለብሰው? ለምንጣፍ ተሸካሚዎቹ ነጭ ልብስ እየተሰፋ ነው፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱን ጠይቄ ስሙን ላስመዘግበው።